ፍርዱ ያልተቆረጠ ዕባጭ፦ የፕሮስቴት ደጋፊ ሥጋ ዕባጮች የምርመራ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሚታይ አንድ የሕመም ወገን ነው። በፕሮስቴት ላይ ከሚነሡ አደገኛ ዕባጮች መካከል ከደጋፊው ሥጋ የሚበቅሉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ «ገበሬ ሽንቱ ተከልክሎ በቃሬዛ በሚመጣበት አገር ይህን ማውራት ምን ይረባል?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። እኔ በሙያዬ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ፤ ሕመምተኛውን ሳይሆን ከሕመምተኛው የተቆረጠውን ሥጋ ነው የማየው። ብዙውን ጊዜ ሰውየውን በዓይኔ አላየውም፤ ነገር ግን ፕሮስቴቱ በሙሉ ይውጣ ወይስ ይቆይ፣ ፊኛው ይትረፍ ወይስ አብሮ ይሂድ የሚለው ውሳኔ በእኔ አንድ መስመር ጽሑፍ ላይ ይንጠለጠላል። ያች አንድ መስመር በስንት ሰው እጅ አልፋ እኛ ዘንድ እንደ ደረሰች ለመናገር ነው የመጣሁት። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላት ልናገር፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉበትና። «ዕጢ» ስንል በተፈጥሮ ያለውን፣ ፈሳሽ የሚያመነጨውን የአካል ክፍል እንጠራበታለን፤ ያለ ቦታው የበቀለውን እብጠትም በዚያው ቃል እንጠራዋለን። «ነቀርሳ»ም እንዲሁ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በመድኃኒት የሚድን ሕመም ሲሆን፣ ካንሰርን ደግሞ በዚሁ ስም ስንጠራ ኖረናል። አንድ አባት «የፕሮስቴት ዕጢ አለብዎት» ቢባሉ የተነገራቸው ወንድ ሁሉ የሚወለድበት ነገር ይሁን ወይም የሞት ፍርድ መለየት አይችሉም። በዚህ ንግግር «ዕጢ» የምለው ጤናማውን የአካል ክፍል ብቻ ነው፤ የበቀለውን «ዕባጭ» እለዋለሁ።

የፕሮስቴት ዕጢ ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት ከቦ ይገኛል። በጎልማሳ ሰው 20 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሽምግልና ሲያብጥ ከ100 ግራም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ውስጡን በጭቃ ቤት ልመስለው። ብዙ ጠባብ ክፍሎች አሉት፤ የክፍሎቹ ግድግዳ በስሱ የተለሰነ ነው። ፈሳሹን የሚያመነጨው ይህ ልስን ነው። ከልስኑ በስተጀርባ ማገሩና ጭቃው አለ፤ ይኸውም ጡንቻና ክር መሰል ሥጋ የተጠላለፈበት፣ ቤቱን ያቆመው ክፍል ነው፤ በሕክምና ቋንቋ ስትሮማ ይባላል። ሁላችን ስሙን የምናውቀው የፕሮስቴት ካንሰር የልስኑ ሕመም ነው። በደም የሚለካው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ንጥረ ነገርም የሚመነጨው ከልስኑ ነው። እንግዲህ ማገሩ ቢታመም ልስኑ ዝም ሊል ይችላል። ዕባጩ የሆድን ታች ሞልቶት ሳለ የደሙ ውጤት «ደኅና ነው» ይላል። የዛሬው ነገራችን ችግር ከዚህ ይጀምራል።

በጥንቱ ዘመን ይህን ሁሉ የሚለይ ዓይን አልነበረም። በአገራችን የመድኃኒት መጻሕፍት ሕመም የሚሰየመው በምልክቱ ነበር፤ ሽንት ለተከለከለበት ሰው ቅጠሉና ሥሩ ይታዘዝ ነበር እንጂ ከልካዩ ምን እንደ ሆነ አይጠየቅም። በፖላንድ የተወለደው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ የግእዝና የአማርኛ ጽሑፎች ብዙዎቹን ሰብስቦ በ1968 በፈረንሳይኛ ትርጓሜ አሳትሟል። እነዚህን መጻሕፍት ኋላ ቀር ብሎ የሚንቅ ሰው በዚያው ዘመን የነበረውን የአውሮፓ ሕክምና አያውቅም ማለት ነው፤ እዚያም ከምልክቱ በስተጀርባ ያለውን የሚያይ አልነበረም። አንድርያስ ቬሳልዮስ በ1538 የፕሮስቴትን ሥዕል ቢያሳትምም፣ ሥዕሉ የት እንዳለ አሳየ እንጂ በምን እንደሚታመም አልነገረም።

በ1839 ስታፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በአምስት ዓመት ሕፃን ፕሮስቴት ላይ ስለ ተገኘ ጥቁር ዕባጭ ጻፈ። ይህ ጽሑፍ የፕሮስቴት ሳርኮማ፣ ማለትም የደጋፊ ሥጋ ካንሰር፣ የመጀመሪያ መዝገብ ተብሎ ይጠቀሳል። እኔ ግን በዚህ ማዕረግ ላይ እጠራጠራለሁ፤ ዛሬ የምንለይበት ዘዴ በእጁ ያልነበረውን ሰው ዛሬ ባለን ስም መጥራት ይከብደኛል። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ በለንደን ሆስፒታል የነበረው ጆን አዳምስ የፕሮስቴት ካንሰርን በማይክሮስኮፕ አይቶ አረጋገጠ፤ ሲጽፍም «እጅግ አልፎ አልፎ የሚገኝ ሕመም» ሲል ገለጸው። ዛሬ በብዙ አገሮች በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ግንባር ቀደም የሆነውን ሕመም ነበር እንዲህ ያለው! ዕድሜ ረዝሟል፣ ምርመራውም በዝቷል፤ ነገር ግን ትልቁ ምክንያት በዚያን ዘመን ከሞተ ሽማግሌ ፕሮስቴት ላይ ሥጋ ቆርጦ የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ሕመም በእኛ አገር የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ሥጋ ተመርምሮ?

ማየት የሚቻለው ሥጋው ከመበስበስ ከተጠበቀ፣ በስሱ ከተቆረጠና ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ብራና የሚፍቅና ቀለም የሚበጠብጥ ሰው ባለበት አገር ነው የምናገረው። ቆዳው ካልተወጠረና ካልተፋቀ አይጻፍበትም፤ ቀለሙም በወጉ ካልተዘጋጀ አይዝም። ሥጋም እንዲሁ ነው። በ1869 ኤድዊን ክሌብስ ሥጋን በፓራፊን ሰም ውስጥ ማስቀመጥን አስተዋወቀ፤ በ1893 ፈርዲናንድ ብሉም ፎርማሊን ሥጋን እንደሚያደድርና እንደሚጠብቅ አሳየ። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ የሚወጣ ነው፤ የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን የሚባለው ደግሞ የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። በሁለት ቀለም፣ ልክ እንደ ጸሐፊዎቻችን ጥቁርና ቀይ፣ የሥጋ ምስጢር አብዛኛው ይነበባል። እስከ ዛሬ ድረስ በየቀኑ የምሠራው በእነዚሁ ሁለት ቀለሞች ነው።

አሁን ወደ ነገራችን ልብ እገባለሁ። በ1838 ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር በሴት ጡት ላይ የሚበቅል፣ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ቅጠል የተደራረበ ዕባጭ ገለጸ። «ሳርኮማ» የሚል ቃል ጨመረበት፤ በእርሱ ዘመን ቃሉ «ሥጋማ» ከማለት የዘለለ ትርጉም አልነበረውም፤ እርሱም ዕባጩን ገር አድርጎ ነበር ያየው። ከጊዜ በኋላ «ሳርኮማ» የካንሰር ስም ሲሆን፣ ያ የቆየ ስም ገሩን ዕባጭ ሁሉ የሚያስፈራ አደረገው። ስም እንዴት አድርጎ ሰውን እንደሚጎዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እንዲህ ያለው ቅጠል መሰል ዕባጭ በፕሮስቴትም ሊበቅል እንደሚችል ማንም አልጠበቀም። በ1960 ኮክስና ዶውሰን የተባሉ ሐኪሞች በብሪታንያ የዩሮሎጂ መጽሔት ላይ ስለ አንድ የፕሮስቴት ዕባጭ ጽፈው፣ በርእሱ ላይ «እንግዳ» ብለው ጠሩት፤ ሁለት ዓይነት ሥጋ የተቀየጠበት ሳይሆን አይቀርም አሉ። በ1976 ደግሞ አታና ንክፖሶንግ የተባሉ ሁለት ናይጄሪያውያን ከኢባዳን «ቅጠል መሰል የፕሮስቴት መባዛት» ብለው ጻፉ። በዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ። የሙያችን መጻሕፍት ስማቸውን በአንድ ሐረግ ጠቅሰው ያልፋሉ፤ ከየት እንደ ጻፉ ግን እምብዛም አይነገርም። የጻፉት በ1957 ሥራ ከጀመረው ከኢባዳን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ነው። ከእኛ ጋር በሚመሳሰል የሕክምና ሁኔታ፣ ከእኛ ጋር በሚመሳሰል የሽማግሌዎች ሰልፍ ፊት ማለት ነው።

ኢባዳን ለምን አየው? የራሴን ግምት ልናገር። በሀብታሞቹ አገሮች የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በሽንት ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ ወደ መፋቅ እየዞረ ነበር። መሣሪያው ዕጢውን ፍርፋሪ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ሆድ ተከፍቶ በፊኛ በኩል ሲወጣ ግን ዕባጩ ሙሉውን፣ እንደ ብርቱካን ተፈልፍሎ ይወጣል። እጅ ላይ ያለውን ሙሉ ዕባጭ በቢላ ስትከፍተው ቅጠሉ ይታያል፤ በፍርፋሪ ውስጥ ግን ቅጠልን ማየት የተቀደደን ደብዳቤ እንደ ማንበብ ነው። በእኛም አገር ይህ የሆድ ቀዶ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ዋናው ሆኖ ቆይቷል። ኋላ ቀር ነው እየተባለ የሚታፈርበት ዘዴ ለምርመራ የሚሰጠው ይህ ጥቅም ሲነገር አልሰማም።

ሁለተኛው የማደንቀው ነገር ጥንቃቄያቸው ነው። «ያልተለመደ መባዛት» አሉ እንጂ ካንሰር አላሉም። ከእነርሱ በኋላ ለአንድ ዓይነት ነገር ብዙ ስም ወጣለት። አንዱ የውኃ ከረጢት ያለው ዕባጭ አለው፤ ሌላው የሙለርን የቆየ ስም ከጡት ወደ ፕሮስቴት አመጣው፤ ሌላው ተራ የሽምግልና እብጠት ነው ብሎ አለፈው። ስሙ በበዛ ቁጥር አንዱ ሆስፒታል ያየው ከሌላው ጋር ሊነጻጸር አልቻለም። የአንዱ ሕመምተኛ በሰላም ኖረ፤ የሌላው ዕባጭ ተመልሶ በቀለ፤ የሦስተኛው ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ዘለቀ። ማን ምን እንደ ነበረበት ግን በአንድ ቋንቋ አልተጻፈም።

በ1998 ጎዳን፣ ሮዛይና ኤፕስታይን የተባሉ ሦስት ፓቶሎጂስቶች 22 ሕመምተኞችን በአንድነት አጥንተው አሳተሙ። ጠቅላላ ቁጥሩን ልብ በሉ፦ 22። እንዲህ ያለ ሕመም የሚጠራቀመው ከየሆስፒታሉ «እባካችሁ እዩልን» እየተባለ ስላይድ በሚላክባቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ሦስቱ ዕባጮቹን በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን በግልጽ ካንሰር ነው፤ የስትሮማ ሳርኮማ አሉት። ሁለተኛውን «የአደገኛነቱ ዕድል እርግጠኛ ያልሆነ የስትሮማ መባዛት» አሉት። በኋላ «መባዛት» የሚለው ቃል በ«ዕባጭ» ተተክቶ፣ በእንግሊዝኛው ምኅጻር ስተምፕ ተብሎ ቀረ። ስተምፕ በእንግሊዝኛ «ጉቶ» ማለትም ነው። ሆን ብለው ያደረጉት አይመስለኝም፤ ነገር ግን በባሕር ዛፍ አገር ያደገ ሰው ስሙን በቀላሉ ይረዳዋል። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ደርቆ ሊቀር ይችላል፤ ሊያቆጠቁጥም ይችላል፤ በቆረጥከው ቀን የትኛው እንደሚሆን አይታወቅም።

ይህ ስም አንዳንድ የቀዶ ሐኪም ባልደረቦቼን ያስቆጣቸዋል። «እርግጠኛ ያልሆነ ውጤት ለምን ትጽፍልኛለህ? ልቁረጥ ወይስ ልተው?» ይላሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። እኔ ግን ይህ ስም በሙያችን ከተጻፉት ሐቀኛ ስሞች አንዱ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በፊት ፓቶሎጂስቱ ሳያውቅ ያወቀ እየመሰለ ወይ «ገር ነው» ወይ «ካንሰር ነው» ይል ነበር። በስሕተት «ካንሰር» የተባለ የ40 ዓመት ሰው ሙሉ ፕሮስቴቱን፣ ምናልባትም ፊኛውን ያጣል፤ ሽንቱን መቋጠር፣ ልጅ መውለድ ይሳነዋል። በስሕተት «ገር» የተባለ ደግሞ ወደ እርሻው ተመልሶ፣ ከዓመት በኋላ ሳንባው ተይዞ ይመጣል። «እርግጠኛ አይደለም» የሚለው ስም ሐኪሙን እንዲከታተል ያስገድደዋል። በ2006 ሄራዊና ኤፕስታይን 50 ሕመምተኞችን ሲያሳትሙ መለያው ይበልጥ ጠራ፦ የሕዋሳቱ ብዛት፣ በመከፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት፣ የሞተ ሥጋ መኖሩ፣ የአስኳሉ መዛባት ወደ ሳርኮማ ያመለክታሉ።

ከዚህ ውስጥ ጀማሪን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ከስተምፕ ዓይነቶች በብዛት የሚታየው አስኳላቸው ትልቅና አስፈሪ የሆኑ ሕዋሳት ተበትነው የሚገኙበት ነው። ሲያዩት ካንሰር ይመስላል፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ አይከፈሉም፤ ያረጁና የተበላሹ እንጂ የሚባዙ አይደሉም። በአንጻሩ ፊቱ የዋህ የሚመስል፣ ሕዋሳቱ ግን ጥቅጥቅ ያሉ ዕባጭ የበለጠ ሊያሳስብ ይችላል። አስፈሪው ዝም ብሎ፣ የዋሁ ሲነሣ ማለት ነው። ይህን የሚለየው ከብዙ ቦታ የተቆረጠ ሥጋ ብቻ ነው፤ በስተምፕ አጠገብ ሳርኮማ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ሁለት ቀለም የማይበቃባቸውም አሉ። በፕሮስቴት አካባቢ ረዣዥም፣ እንደ እንዝርት በሁለት ጫፍ የሾሉ ሕዋሳት ያሉት ዕባጭ ብዙ ዓይነት ነው። ከጡንቻ የሚነሣ ሳርኮማ አለ፤ በልጆች ላይ የሚበረታ ሌላ ሳርኮማ አለ፤ ከፊንጢጣ ግድግዳ ተነሥቶ ፕሮስቴትን የሚገፋ ጂስት የሚባል ዕባጭ አለ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚፈጠር ካንሰር መሰል ጠባሳም አለ። እነዚህን ለመለየት ሌላ ታሪክ መጠበቅ ነበረበት። በ1941 አልበርት ኩንስ ፀረ እንግዳ አካልን በሚያበራ ቀለም አጣብቆ በሥጋ ውስጥ የሚፈልገውን ነገር እንዲጠቁመው አደረገ። በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን አንድን ነገር ብቻ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የማምረቻ ዘዴ አገኙ፤ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። ዛሬ የስትሮማው ዕባጭ በአብዛኛው ሲዲ 34 በሚባለው ጠቋሚ ይቀለማል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ጂስትም በዚያው ይቀለማልና። ኪት የተባለው ጠቋሚ ግን ጂስትን ያጋልጠዋል፤ ይህም የታወቀው በዚያው በ1998 በጃፓን ሊቃውንት ሥራ ነው። ልዩነቱ የመጽሐፍ ልዩነት አይደለም። ጂስት ከ2001 ጀምሮ በአፍ በሚዋጥ ኢማቲኒብ በሚባል መድኃኒት ሊገታ የሚችል ሆኗል፤ ይህ መድኃኒት ለስትሮማ ሳርኮማ አይሠራም። ስሙን ያሳተ ሐኪም አንዱን በማያስፈልገው ቢላ፣ ሌላውን በማይጠቅመው ክኒን ያስተናግደዋል።

ይህ ሁሉ በዓለም ሲሆን እኛ የት ነበርን? በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር የሚያሠለጥነው። ትክክል ነበር፤ ወባና ተስቦ ሕዝብ ሲፈጅ ስለ ቅጠል መሰል ዕባጭ አይታሰብም። በ1964 በአዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፣ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው ግን በ2011 ነው። መዝገቡ የሚቆጥረው የአዲስ አበባ ነዋሪን ነው። ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ተነሥቶ ዓባይን በደጀን በኩል ተሻግሮ የታከመ ሰው፣ አድራሻው ጉንደ ወይን ከሆነ፣ በዚያ ድምር ውስጥ አይገባም።

ከዚህ የሚነሣ ሰው መንገዱ በሞጣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም በደብረ ወርቅና በቢቸና ወርዶ ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በሥራ ዘመኔ ሥጋው ለቤተሰቡ ታይቶ የተጣለበትን፣ አፉ በጠበበ ብልቃጥ ተጠቅጥቆ መሐሉ የበሰበሰበትን፣ በፎርማሊን ፋንታ በጨው ውኃ የተላከበትን አይቻለሁ። ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ ትልቅ ዕባጭ ከሆነም በመሐሉ ተሰንጥቆ መግባት አለበት። ከናሙናው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ «ፕሮስቴት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይጻፋል። ዕድሜው 35 ነው ወይስ 75? ፒ.ኤስ.ኤ.ው ስንት ነበር? ዕባጩ ከፊንጢጣ ጋር ተጣብቆ ነበር? ከዚህ በፊት ተቆርጦ ያውቃል? እነዚህ አራት መልሶች ከአንዳንድ ውድ ጠቋሚ ቀለም ይበልጣሉ፤ ዋጋቸውም የእስክሪብቶ ቀለም ነው።

በመርፌ ሕዋስ መጥጦ መመርመር በአገራችን ብዙ ሰው አድኗል፤ ለእብጠት ሁሉ የመጀመሪያው መልሳችን ሆኖ ኖሯል። ለስትሮማ ዕባጭ ግን አይበቃም። መርፌው ያመጣው ጥቂት የሾሉ ሕዋሳት ነው፤ የቤቱን ማገር ከአንድ ጭራሮ ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ባለ ጊዜ «የሾሉ ሕዋሳት ታይተዋል፤ ሥጋ ይላክ» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ «ሳርኮማ ነው» ብሎ የሚጽፈው ግን ያላየውን ተናግሯል።

ስለ ፓራፊኑ ብሎክ አንድ ነገር ልጨምር። በሰም ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በ1976 የተቀመጠ ብሎክ በ1998 መለያ እንደ ገና ሊነበብ፣ በ2013 በታወቀው ስታት 6 በሚባል ጠቋሚም ሊፈተን ይችላል። የመጀመሪያው ፓቶሎጂስት ያልቻለውን ሁለተኛው ይችለዋል፤ እኛ ዘንድ ጠቋሚው ባይኖር ብሎኩ ካለበት ይላካል። ለዚህ ግን ብሎኩ መኖሩንና ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ቤተ ሙከራው የመዝገብ ቁጥሩን በውጤቱ ወረቀት ራስጌ ላይ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ አባት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ቁጥሩን ከሕክምና ካርዱ ጀርባ ላይ ገልብጡት። የጤና ባለሙያዎችም ሕመምተኛው ለክትትል ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ቁጥር ይሁን።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ። ከኋላ እጃቸውን ካነሡት አባት እንጀምር።